እንባ ያጡት ሙሾ አውራጅ

ዘይጋም ሑሴን ሚስታቸውን በቀበሩ ማግስት ርግብ ገዙ። አንድ ጥንድ ቢሆን ደግ፤ ሰውየው ግን አንድ ሙሉ መንጋ ከነሽቦ ቤቱ በጋሪ አስጭነው መጥተው ጣራቸው ላይ አሰፈሩት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ጥቁር በጥቁር ለብሰው ግቢው ውስጥ ደረታቸውን ሲደቁ፣ የሟች ባል ጣራ ላይ ሆነው ያፏጫሉ። "ወጣች! ወጣች! እዩልኝ እንጂ ያቺን ነጯን!" ይላሉ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው ተያዩ። ልጃቸው ተስኒም በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐዘን አእምሮውን ነካው ተብሎ ይታለፋል። ዘይጋም ሑሴን ግን በህንድ አገር፣ በአሮጌው ላክናው ከተማ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሙሾ አውራጅነት ያላቸው ሰው ናቸው። የሙሐረም ወር ገብቶ ኢማም ሑሴን ከነቤተሰባቸው በከርበላ በረሃ በውሃ ጥም ተቃጥለው የተገደሉበት ሐዘን ሲታሰብ፣ በወሩ ዐሥረኛ ቀን፣ በዓሹራ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ ሚርዛ በሚባሉት ቤተሰብ የሐዘን አዳራሽ የመጨረሻውን ሙሾ የሚያወርደው የሳቸው ቤት ነው። ሌላ ቤት አይነካውም። ዘይጋም ሕዝብ የሚያስለቅሱት በድምፃቸው ማማር ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የሚያለቅሱት ራሳቸው ናቸው፤ ሰው እሳቸውን ተከትሎ ነው ሆዱ የሚባባው። ድምፃቸው ሳግ ሲይዘው አዳራሹ በሙሉ ስቅስቅ ይል ነበር። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ሚስታቸው በተቀበረች ማግስት የሚያፏጩት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው አንጎላቸው ውስጥ ከገባው ሽቦ ነው። ከሽቦው በፊት ደግሞ በሽታው ነበር፤ ያ ሰውን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ፣ ሐኪሞች ፓርኪንሰን የሚሉት። ከአንድ አውራ ጣት ጀመረ። ሲቆይ እጅ ያዘ፣ እግር ያዘ፣ ፊት ያዘ። በመጨረሻ ዘይጋም ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚሸከሟቸው ዕቃ ሆኑ። ሚስታቸው ቀይሰር ጀሃን እያጎረሱ፣ እያጠቡ፣ ሱሪ እያለበሱና እያወለቁ ወገባቸው ጎበጠ። ዘይጋም በዚያን ጊዜም ያለቅሱ ነበር። ፊታቸው አይንቀሳቀስም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

ሞባይል መሸጫ ያለው ወንድ ልጃቸው ሽቢህ ነው የቀዶ ሕክምናውን ወሬ ያመጣው። የራስ ቅላቸው ተበስቶ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አንጎላቸው ውስጥ ገቡ፤ ከአንገት አጥንታቸው በታች ደግሞ ቆዳ ውስጥ ባትሪ ተቀበረ። ባትሪው ሌት ተቀን ወደ አንጎል ኤሌክትሪክ ይልካል። ሐኪሟ ዶክተር ማቱር መሣሪያውን የከፈቱት ዕለት ዘይጋም ከወንበራቸው ብድግ ብለው የሆስፒታሉን ኮሪደር ጫፍ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ቀይሰር የሐኪሟን እጅ እየሳሙ አለቀሱ፤ ሽቢህ አለቀሰ፤ ተስኒም አለቀሰች። ዘይጋም አላለቀሱም። በደስታ መሀል ይህን ማን ልብ ይላል?

ከዚያ በኋላ ደስታቸው አልበርድ አለ። ጠዋት ሲነሱ ደስተኛ፣ ማታ ሲተኙ ደስተኛ። ከአትክልት ሻጭ ጋር ይቀልዳሉ፤ የማያውቁትን ሰው ምሳ ይጋብዛሉ፤ የጎረቤት ልጅ ሞቶ ሊያጽናኑ ሄደው ለአባትየው ስለ ክሪኬት ያወራሉ። የመጀመሪያው ዓሹራ ደርሶ አዳራሹ ሲገቡ ሰው የናፈቀውን ድምፅ ሊሰማ ግጥም ብሎ ነበር። ድምፁ አለ፤ እንዲያውም ከድሮው ጠርቷል። ነገር ግን የኢማሙ ሕፃን ልጅ ጥም ከሚነሳበት ቦታ ሲደርሱ፣ እናቶች ሁሉ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ዘይጋም ፈገግ አሉ። የሴቶቹ እጅ አየር ላይ ቀረ። አዳራሹ በዚያ ዓመት ደርቆ ተበተነ።

በብርዱ ወራት ጉም ቀይሰር ጀሃን ሳንባቸውን ታመው ሞቱ። ተስኒም እናቷን ከሴቶቹ ጋር አጥባ ገነዘች። አባቷ ለቀብር ቆፋሪው ቀልድ ነግረው አሳቁት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሽቢህ ሚስትና ሱቅ አለው። ተስኒም ከምታስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ጣራ ላይ ናቸው።

"አባባ፣ እማማ አትናፍቅዎትም?" አለቻቸው አንድ ቀን ራት ላይ።

"እንዴታ! ደግ ሴት ነበረች እኮ። ይሄን ቅቅል እሷ ብትሠራው ቅርንፉድ አይበዛበትም ነበር። ሻይ የለም?"

ተስኒም ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ማድ ቤት ገብታ አፏን በሻሽዋ ጫፍ አፍና አለቀሰች። የሞተችው እናቷ ናት፤ እሷ ግን ወላጅ አልባ የሆነች ያህል ነበር የተሰማት። አብሯት የሚያለቅስ ሰው ፈለገች፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ቁጭ ብላ እናቷን ብታለቅስ የሚወጣላት መሰላት።

ያ ሰው አለመሞቱን ያወቀችው ሙሐረም ሊገባ ሲል ሆስፒታል ነው። ዶክተር ማቱር ሽቦዎቹን ሊፈትሹ መሣሪያውን ለጥቂት ጊዜ አጠፉት። ዘይጋም ስለ ርግቦቻቸው እያወሩ ነበር። መጀመሪያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወሬው እየዘገየ፣ ቃሉ እየተጎተተ ሄደና ቆመ። ፊታቸው ደረቀ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

"ቀይሰር..." አሉ በሚንሾካሾክ ድምፅ። "ቀይሰርን ማን አጠባት?"

ተስኒም ወንበሯን ገፍታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። "እኔ ነኝ ያጠብኳት አባባ።"

"እኔ... ርግብ ገዛሁ። አስታውሳለሁ። ሁሉንም... አስታውሳለሁ ልጄ። እሷን አፈር ሲያለብሷት ቆሜ እያየሁ ምንም አልተሰማኝም።" እንባቸው በደረቀው ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ መጥረግ ግን አልቻሉም። "ያንን ሰውዬ ዓሹራ ላይ አዳራሽ እንዳታስገቢው። በእናትሽ አምላክ። እኔን አስገቢኝ። ብሞትም እኔው ልሙት።"

"እሺ አባባ። እሺ።"

"ማይልኝ።"

ማለችላቸው። ሐኪሟ መሣሪያውን መልሰው ከፈቱት። ትንሽ ቆይቶ ዘይጋም ተነፈሱ፣ ተንጠራሩ፣ ልጃቸውን ወለሉ ላይ አይተው ሳቁ።

"ኧረ ተነሺ! ምነው እንደ ለማኝ? ደግሞ ያልኩሽን ሁሉ እንዳትይዢው። በሽታው ነው የሚያናግረኝ። ሰው ጥርሱን ሲያመው የሚለፈልፈውን ትይዢበታለሽ?" ለሐኪሟም ዞረው፣ "ዶክተር፣ እኔ እንደዚህ ነው መሆን የምፈልገው። ይጻፉልኝ" አሉና ውሃ ሽንት ሊሸኑ እያንጎራጎሩ ወጡ።

ተስኒም ከሐኪሟ ጋር ቀረች።

"ሰሙዋቸው አይደል?" አለች። "አባቴ ለምነውኛል።"

"ሰምቻለሁ። አሁንም ያሉትን ሰምተሻል" አሉ ዶክተር ማቱር። "እኔ የማዳምጠው በሽተኛዬን ነው።"

"የትኛውን?"

"ፊቴ የተቀመጠውን።"

"ፊትዎ ያስቀመጡትማ እርስዎ ነዎት!"

ዶክተር ማቱር መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። "የተዘባበትኩብሽ እንዳይመስልሽ። ዝቅ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ስቀንሰው ይደርቃሉ፣ ስጨምረው ይስቃሉ። መሀሉ ላይ የሚቆም ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ከደረቀ ሰው የሚስቅ ሰው ይሻላል ብዬ ተውኩት። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ብቻ እቤት በሰጠኋችሁ መቆጣጠሪያ እንዳትነኪው። ክኒኑን ቀንሰንላቸዋል፤ ድንገት ከጠፋና ከቆየ ሰውነታቸው ተቆልፎ ምራቃቸውን መዋጥ እንኳ ሊያቅታቸው ይችላል። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል" አለች። መስማቱንስ ሰምታለች። ጆሮዋ ግን የተያዘው በአባቷ ልመና ነበር።

በሳምንቱ የአዳራሹ ባለአደራ ሚርዛ ሲብተይን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ሻዩን ሳይነኩ ጫማቸውን እያዩ፣ "ወንድሜ ዘይጋም፣ ሰው አምና ደርቆ ሄደ" አሉ። "ብዙ ተናገሩኝ። ዘንድሮንም ለእርስዎ ቤት ብዬ ተከራክሬያለሁ። እንደ አምናው ከሆነ ግን ሙሾው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ከአቅሜ በላይ ነው።"

"ምን ችግር አለ!" አሉ ዘይጋም። "ይስጧቸው! እነሱም ልጆች አሏቸው፣ ይልመዱ። ይልቅ ርግቦቼን ላሳይዎት?"

ሚርዛ ሲብተይን የልጅነት ጓደኛቸውን ፊት ሲያዩ ቆይተው ዐይናቸው እንባ ሞላ። ተስኒም በር ድረስ ስትሸኛቸው፣ "ልጄ፣ አባትሽ የት ሄደ?" ብለው ጠየቋት። 

ያን ዕለት ሽቢህ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ለዓሹራ መሣሪያውን ልታጠፋ ማሰቧን ስትነግረው ጮኸ።

"እትዬ፣ ጤነኛ ነሽ? አባባ እንዲያለቅሱልሽ ብለሽ ልታሳምሚያቸው ነው? ይሄ ምን የሚሉት ፍቅር ነው?"

"እሳቸው ናቸው የለመኑኝ።"

"ታመው ሳሉ! የዳኑትስ ምን አሉሽ? የዳኑት አይቆጠሩም?"

"አንተ መጥተህ ስቀህ ትሄዳለህ። እኔ ከማን ጋር እንደምኖር ታውቃለህ?"

"ከደስተኛ ሰው ጋር! ምን ጎደለሽ? በእግራቸው ይሄዳሉ፣ በእጃቸው ይበላሉ። እማማ ስንት ዓመት ሱሪያቸውን ስታወልቅ እንደኖረች ረሳሽው? እሷ ብትኖር ታጠፊው ነበር? እስቲ ንገሪኝ!"

አልረሳችም። ሽቢህን የምታንቀው እስኪመስላት ድረስ ያናደዳት ልክ መሆኑ ነው። እናቷ ብትኖር እጇን ትመታት ነበር። "ተወው፤ አልነካውም" አለችው። ሽቢህም አመናት፤ እህቱ ዋሽታው አታውቅማ።

በዓሹራ ጠዋት ከተማው ጥቁር ለብሶ ተነሳ። ሰው ጫማ አላደረገም፣ እሳት የተጫረበት ቤት የለም። ያን ዕለት እስከ ከሰዓት ጸሎት ድረስ አዋቂ ሰው ውሃ በጉሮሮው አያወርድም፤ ተጠምተው የሞቱትን እያሰበ ይጠማል። ተስኒም አባቷን ሸርዋኒ የሚሉትን ጥቁር ረጅም ኮታቸውን አለበሰቻቸው። እሳቸው የልጆች ዘፈን ያንጎራጉራሉ። መቆጣጠሪያው በነጠላዋ ሥር እጇ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ካለበት ከደረታቸው ጋር ካላስጠጉት አይሠራም።

ልቧ እንዲህ በቀላሉ አልቆረጠላትም። "አባባ" አለች፣ "ለዛሬ ብቻ ላጥፋው? ለሙሾው ያህል። ወዲያው እከፍተዋለሁ።"

ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። ፈገግታው ከፊታቸው አልጠፋም፤ እጇን ግን አጥብቀው ያዙ። "እንዳትሞክሪው ልጄ። እዚያ ምን እንዳለ አታውቂም። እዚያ ሰው ድንጋይ ሆኖ ያለቅሳል። እኔ ማንን በደልኩ? ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው። ደስ ማለት ነውር ነው?"

"አይደለም አባባ።"

"እንግዲያው ተይኝ።"

"እሺ።"

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ፣ ሽቢህ ቀድሞ ገብቶ ቦታቸውን ሲያሰናዳ፣ ተስኒም አባቷን አስቆመቻቸው። "አንገትጌዎ ተጣሟል፤ ላስተካክለው" አለች። እሳቸውም እንደ ሕፃን አገጫቸውን ቀና አደረጉላት። መቆጣጠሪያውን ደረታቸው ላይ አስጠግታ ተጫነችው። ምንም አላወቁም። ግንባሯን ስመዋት ገቡ። ተስኒም በሴቶቹ በር ዞራ ገብታ ከቀርከሃው መጋረጃ ጀርባ፣ ከሁሉ ፊት ተቀመጠች።  አባቷን ሰርቃ አባቷን ልትመልስ ነው፤ ይህን ለራሷም ለመንገር ቃል አልነበራት።

ሌሎቹ ሙሾ አውራጆች እስኪጨርሱ ጥቂት ጊዜ ሄደ። ከዚያ ዘይጋም ወደ መድረኩ ተጠሩ። ሽቢህና አንድ የአጎት ልጅ በግራና በቀኝ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የታችኛውን ድምፅ ያዙላቸው። የዚያ ቤት ሙሾ እንዲህ ነው፦ ከበሮ የለ፣ መሰንቆ የለ፤ ሁለት ሰው ከሥር አንድ ድምፅ ይዞ ያጉተመትማል፣ አውራጁ በዚያ ላይ ይወጣል ይወርዳል።

የመጀመሪያው ስንኝ ጥርት ብሎ ወጣ። ሚርዛ ሲብተይን አንገታቸውን ደፉ፤ እንደ አምናው ሊሆን ነው አሉ በልባቸው። ሁለተኛው ላይ የዘይጋም ግራ እጅ ጉልበታቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ሻከረ። ተስኒም በቀርከሃው ቀዳዳ የአባቷን ፊት ታያለች። ያ ፈገግታ ከከንፈራቸው ዳር እየተነነ ሄዶ ጠፋ፣ ዐይናቸው ሰፋ፣ ግራ ተጋብተው ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ከዚያ የት እንዳሉ ገባቸው። ስንኙ የኢማሙ እህት ወንድሟን ለሞት ስትሸኝ የምትለው ነበር። ዘይጋም ግማሹን አወረዱና ሳግ ያዛቸው።

አዳራሹ ፈነዳ። ሁለት ዓመት ታፍኖ የከረመ እንባ ነው የወጣው። ሽማግሌዎች ግንባራቸውን መቱ፣ ጎረምሶች ደረታቸውን ደቁ። ሚርዛ ሲብተይን ቆባቸው ወድቆ እንደ ልጅ ይነፋረቃሉ። ተስኒም እናቷን አለቀሰች። የእናቷን የጎበጠ ወገብ፣ በበሽተኛ ባላቸው ድምፅ እየተጠሩ ሌሊት ሲነሱ የሚያሰሙትን የጫማ ኮቴ፣ ስታጥባቸው ያየችውን የቀለለ ገላ፣ ሁሉንም አለቀሰች። እዚያ ማዶ መድረክ ላይ አባቷም ያንኑ እያለቀሱ እንደሆነ አውቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሆነው አለቀሱ። አንጀቷ ራሰ።

ቀና ስትል የአባቷ ድምፅ የለም።

የአጃቢዎቹ ጉምጉምታ አለ፤ አልተቋረጠም። የዘይጋም አፍ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። አንገታቸው ወደ ኋላ ተገትሯል። ምራቅ በአገጫቸው ይወርዳል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ደረታቸው ይሞክራል፤ አየር አይገባም። ሽቢህ አጠገባቸው ዐይኑን ጨፍኖ እያለቀሰ የታችኛውን ድምፅ ይዟል። ሕዝቡ ያያል። ሁሉም ያያል! ግን ያ ቤት ሙሾ አውራጁ በሐዘን ታንቆ ሲወድቅ አይቶ ያደገ ቤት ነው፤ የዘይጋምም አያት እዚያው መድረክ ላይ ሳግ ዘግቷቸው ራሳቸውን ስተዋል፣ እስከ ዛሬ በክብር ይነገርላቸዋል። ስለዚህ ሰው ዘይጋም ሲታነቁ ባየ ቁጥር ለቅሶውን ጨመረ። ጸጋ ወረደ አሉ።

"አባቴ!" ብላ ጮኸች ተስኒም። "አባቴን አድኑልኝ! አባቴ እየሞተ ነው!"

ጎኗ ያሉት ሴቶች ጩኸቷን ተቀበሏት። በከርበላ የኢማሙ ትንሽ ልጅ አባቷን ስትጣራ እንዲሁ ነበርና የምትለው፣ ተስኒም ሙሾ ያወረደች መሰላቸው። "ወይ አባቴ! አባቴን አድኑልኝ!" አሉ በአንድ ድምፅ፣ ደረታቸውን እየደቁ። እሷ በጮኸች ቁጥር መቶ ሴት ይመልስላታል። "ሙሾ አይደለም! የእውነት ነው! ሽቦው ጠፍቷል!" ብትልም ማን ይስማት? አንዲት አሮጊት አቅፋ ይዛት፣ "አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ" ትላታለች።

አሮጊቷን ገፈተረቻት። የቀርከሃውን መጋረጃ በሁለት እጇ ይዛ ስትጎትተው ከነመስቀያው ወረደ። ሻሿ ወድቆ፣ በዓሹራ እኩለ ቀን ራሷን ያልሸፈነች ሴት ወንዶች መሀል ገባች። ፊቱን ያዞረ አለ፤ "ኧረ ሴት! ኧረ ያዟት!" ያለ አለ። በተቀመጠው ሰው ትከሻና ጉልበት ላይ እየተረማመደች መድረኩ ላይ ወጣች።

"ሽቢህ! ታንቀዋል! በጎናቸው አስተኛቸው!"

ሽቢህ ዐይኑን ገለጠ። አባቱን አየ፤ በእህቱ እጅ ያለውን መቆጣጠሪያ አየ። ፊቱ ላይ የመጣውን ተስኒም ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። አባቱን በጎናቸው አጋደመና ጣቱን አፋቸው ውስጥ ሰዶ ምራቁን ጠረገ። አንድ ቀጭን ትንፋሽ ሲር ብሎ ገባ። ዘይጋም ልጃቸውን አዩዋት። መቆጣጠሪያውን ወደ ደረታቸው ስታስጠጋ፣ ያ የደረቀ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየተጎተተ ተነሳ። ባትሪው ካለበት ቦታ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉና ሸፈኑት።

መናገር አልቻሉም። ዐይናቸው ግን ተናገረ። አይሆንም አሉ።

"አባባ፣ ይሞታሉ" አለች።

እጃቸውን አላነሱም። እንባቸው በአፍንጫቸው አጥንት ላይ ተሻግሮ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ልጃቸውን የሚያውቋት፣ ቀይሰርን የሚያውቋት፣ ምን እየመረጡ እንደሆነ የሚያውቁት እኚህ ናቸው። ጠዋት እጇን ይዘው ተይኝ ያሏትም እሳቸው ናቸው። ያኔ አልሰማቻቸውም። አሁንስ ብትሰማቸው? ብትሰማቸው ይሞታሉ፤ እንደለመኑት ራሳቸውን ሆነው ይሞታሉ። ባትሰማቸው በሕይወት ይኖራሉ፤ እኚህ ግን ሁለተኛ አይመለሱም፣ መሣሪያውን ዳግመኛ ማንም አያጠፋውምና። ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ አልነበራትም። የሚበቃ ጊዜ ቢኖራትም መልስ አታገኝም ነበር። "ይቅር ይበሉኝ" አለችና መዳፋቸውን በጉልበቷ ከደረታቸው ላይ አላቀቀች። በሽታ ያደረቀው ያ እጅ እንደዚያ ቀን ጠንክሮ አያውቅም። ተጫነችው።

መንቀጥቀጡ መጀመሪያ ቆመ። ከዚያ አንገታቸው ላላ። አሳላቸው፣ ተነፈሱ፣ ደግመው ተነፈሱ። ሽቢህ በብብታቸው ገብቶ ቀና አደረጋቸው። ሕዝቡ አንድ ነገር እንደሆነ ገብቶት ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየበረደ ሄደ። ሁሉም ዘይጋምን ያያል። ጉንጫቸው በእንባ እንደራሰ ነው። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የወደቀውን መጋረጃ አዩ፤ ጸጉሯ የተበተነውን ልጃቸውን አዩ። ፈገግ አሉ።

"ተስኒም! እዚህ ወንዶች መሀል ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ። "ኧረ ሙቀቱ! ጉሮሮዬ ደርቋል። ውሃ አምጪልኝ እስቲ።"

አዳራሹን የሞላው ለተጠሙት ሲያለቅስ የቆየ፣ ራሱም ከንፈሩ የደረቀ ሕዝብ ነው። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሚርዛ ሲብተይን ቆባቸውን አንስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ውሃ!" አሉ ዘይጋም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ እንደሚያዝ ሰው። "ሰው የለም እንዴ?"

ሽቢህ እህቱን አላያትም። ተስኒም ከመድረኩ ወረደች። ለማፍጠሪያ የተዘጋጀው የውሃ ማሰሮ ጥግ ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ሰው እየተሸሸ መንገድ ለቀቀላት፤ ላለመንካት ይሁን ለማክበር ለይታ አላወቀችም። ጨርቁን ገልጣ በነሐሱ ጽዋ ቀዳችና ይዛላቸው ተመለሰች። ዘይጋም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። እጃቸው ጭራሽ አይንቀጠቀጥም። ከግማሽ በላይ ጠጥተው ተነፈሱና ጢማቸውን ጠረጉ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ። "እንቺ፣ አንቺም ደክሞሻል። ጠጪ።"

ተስኒም ጽዋውን አየችው፣ ሕዝቡን አየች፣ እሳቸውን አየች። ብቻቸውን ልትተዋቸው አልቻለችም። ተቀብላ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የቀረውን ጠጣች።